ለቤተሰብ የሚሆን ቤት ከከተማ ዳር ስትከራዩ፦ ከፍለጋ እስከ ቁልፍ ርክክብ

ባዶ ቤት ሁሌም ሰፊ ይመስላል። ቧንቧው ይወርዳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሰው ሲገባበት ነው፦ ጠዋት አንዱ ሻወር ላይ፣ አንዱ ሽንት ቤት በር ላይ፣ አንዱ ምድጃ ላይ ሆኖ ሁሉም ለመውጣት ሲጣደፍ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን ልክ እንደምትኖሩበት አድርጋችሁ ፈትኑት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው ለዚሁ ነው።

1. ቤት ከማየት በፊት ሰው ቁጠሩ

የምትቆጥሩት ዛሬ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም። ውሉ ሁለት ዓመት ከሆነ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ማን ማን እንደሚኖር አስቡ። ዛሬ ከእናቱ ጋር የሚተኛው ሕፃን ያኔ የራሱን አልጋ ይፈልጋል። ዛሬ አንድ ክፍል የሚጋሩት የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ11 ዓመት እህቱ ያኔ መለየት አለባቸው። ደረጃ የሚከብዳቸው አዛውንት ካሉ ቢያንስ አንድ መኝታና አንድ ሽንት ቤት ምድር ላይ መሆን አለበት። ይህ ከሌለ ሌላው ቢያምርም ያንን ቤት ዝለሉት።

ከመኝታ ክፍሉ ቁጥር ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የሚያማርረው ሽንት ቤት ነው። አንድ ሰው ጠዋት በአማካይ 15 ደቂቃ ቢወስድ ለአምስት ሰው 75 ደቂቃ ነው። ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት የሚወጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መነሳት ግድ ይለዋል። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ፣ አንድ መኝታ ተቀንሶም ቢሆን ሁለት ሽንት ቤት ያለውን ብትመርጡ ይሻላል እንላለን።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ኪራይ ከቤተሰቡ የወር ገቢ ከ30 በመቶ ባይበልጥ የሚለው መለኪያ በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ለከተማ ዳር ቤት ግን ብቻውን አይበቃም። ኪራዩ የሚረክሰው ርቀቱን እናንተ ስለምትሸከሙት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤት በድምሩ አወዳድሩ፦ ኪራይ፣ ትራንስፖርት በሰው ብዛት ተባዝቶ፣ መብራትና ውኃ፣ የጥበቃና የቆሻሻ መዋጮ፣ ፍሳሽ ማስመጠጫ፣ የግቢ እንክብካቤ። ጊዜውንም ደምሩ። ለመሄድ 45 ደቂቃ፣ ለመመለስ 45 ደቂቃ የሚጨምር ቤት በ22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ይወስዳል፤ ያ ከአራት የሥራ ቀን በላይ ነው። ሁለት ሠራተኛና ሁለት ተማሪ ካለ ቁጥሩን በአራት አባዙትና ኪራዩ ላይ የተረፈው ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ራሳችሁ ፍረዱ።

2. ማስታወቂያና ደላላ

ለደላላ የምትነግሩት ዝርዝር አጭርና የማይላወስ ይሁን፦ የሰው ቁጥር፣ የመኝታና የሽንት ቤት ቁጥር፣ የኪራይ ጣሪያ፣ መኪና ካለ ማቆሚያ፣ የምትገቡበት ቀን። «ጥሩ ቤት» ካላችሁ ያለውን ሁሉ ያስዞራችኋል። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና ውሉ ሳይፈረም ቢቀር ምን እንደሚሆን ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ቤቱን ከውስጥ ሳታዩ አንዲት ሳንቲም አትላኩ። ዋጋው ከአካባቢው በጣም የወረደ፣ ባለቤቱ «ሩቅ አገር ነው» የሚባል፣ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነውና ዛሬውኑ ቀብድ ላኩ» የሚባልበት ቤት ሦስቱም ምልክት አንድ ላይ ከተገኙበት ጥላችሁ ሂዱ።

3. ሦስት ጊዜ ሂዱ

አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰው በሚወጣበት ሰዓት። ያኔ ከቤቱ ተነሥታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ወይም እስከ ትምህርት ቤቱ በትክክል ተጓዙና ሰዓት ያዙ፤ በካርታ ላይ የሚታየው ደቂቃ በእሑድ ቀን የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ከመሸ በኋላ፦ መንገዱ መብራት አለው? ከትራንስፖርት ወርዶ እስከ በሩ ድረስ አንዲት ልጅ ብቻዋን ትሄድበታለች? ጎረቤት የሙዚቃ ቤት፣ የብረት ሥራ ወይም የሚጮህ ጀነሬተር አለው? ሦስተኛው ዝናብ በዘነበ ማግስት። የከተማ ዳር መንገድ ጭቃ ሲሆንና የጎረቤት ውኃ ወደ ግቢው ሲወርድ የሚታየው ያኔ ነው። ዝናብ የሌለበት ወቅት ከሆነ የግቢ ግንብ ሥር የደረቀ የደለል መስመር ፈልጉ፤ ውኃ እስከየት እንደሚደርስ ይናገራል።

ጎረቤትንም ጠይቁ። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ብትሉ «ደህና ነው» ነው የምትባሉት። «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? የፊተኛው ተከራይ ለምን ወጣ?» በሉ።

4. የቤቱ ፍተሻ

የምትይዙት፦ ባለ5 ሜትር መለኪያ፣ ባለ10 ሊትር ባልዲ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥቂት ሶፍት፣ ማስታወሻ። አከራዩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ለአንድ የቤተሰብ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይደለም።

ውኃ። ባልዲውን ሻወር ሥር አስቀምጡና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በ1 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ማለት ነው፤ ለሻወር ከበቂ በላይ ነው። 2 ደቂቃ ከፈጀ 5 ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ይታጠብበታል እንጂ ለሁለት አይሆንም። አሁን ፈተናውን አክብዱት፦ ሻወሩ እንደተከፈተ ሌላ ሰው ኩሽና ውስጥ ቧንቧ ይክፈት፣ ሦስተኛው ሽንት ቤት ውኃ ይልቀቅ። ሻወሩ ወደ ጠብታ ከወረደ ሁልጊዜ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ይህ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ታንከሩ ነው። ከላይ ከተቀመጠ ታንከር የሚወርድ ውኃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ሲሆን ለእያንዳንዱ 1 ሜትር 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የታንከሩ ታች ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያለው ግፊት 0.2 ባር ነው፤ ውኃ እያለፈ የሚያሞቁ ብዙ ማሞቂያዎች በዚህ ግፊት አይነሱም። ፎቅ ያለው ቤት ላይ ከላይኛው ሽንት ቤት ይልቅ የታችኛው ደህና የሚወርደው ለዚህ ነው። መፍትሔው ፓምፕ ወይም ከፍ ያለ ማማ ነው፤ ማን እንደሚያሠራው ከውል በፊት ይታወቅ። ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝም አስሉ፦ ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ብትይዙ፣ 1000 ሊትር ለአምስት ሰው ከ2 እስከ 4 ቀን ነው። በሰፈሩ ውኃ የሚቋረጠው ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ታንከር ያስፈልጋል። ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩት፤ አተላና ነፍሳት ካለበት ታጥቦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ታንከሩ ሞልቶ ውኃ መቀበል እስኪያቆም ጠብቁና የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሡ። ሌላውን ቤት ስትፈትሹ 20 ደቂቃ ያልፋል፤ ተመልሳችሁ እዩ። ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው፣ ሂሳቡንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የተለመደው ጥፋተኛ ሽንት ቤቱ ነው። ውኃ ከለቀቃችሁ በኋላ የሽንት ቤቱ ታንክ ሞልቶ ዝም እስኪል ጠብቁ፤ የሳህኑን የኋላ ግድግዳ በሶፍት አድርቁትና ደረቅ ሶፍት ለጥፉበት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ረጥቦ ከተገኘ ውስጥ ያለው ጎማ አይዘጋም ማለት ነው። ጎማው ርካሽ ነው፤ ሳይታወቅ ለወራት የሚፈሰው ውኃ ግን ርካሽ አይደለም።

ፍሳሽ። ብዙ የከተማ ዳር ቤት ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹ የሚጠራቀምበት የግቢ ጉድጓድ፣ ነው ያለው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ነው፣ መቼ ተመጠጠ፣ ሲሞላ ማን ያስመጥጣል። ደህና የተሠራ ታንክ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያቆያል፤ ትንሽ ታንክ ላይ ብዙ ሰው ሲገባ ግን ጊዜው በጣም ያጥራል። ሁለት ሰው ሲኖርበት ችግር ያልነበረው ቤት ሰባት ሰው ሲገባ በመንፈቅ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ከታንኩ በላይ መሬቱ ረጥቦ ወይም ሣሩ ከሌላው ተለይቶ ለምልሞ ካያችሁ፣ ገንዳ ውስጥ የለቀቃችሁት ውኃ ሲወርድ የሽንት ቤቱ ሳህን ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ወይ ሞልቷል ወይ መስመሩ ተዘግቷል። የመምጠጫ መኪና እስከ ግቢው መግባት መቻሉንም እዩ፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ረጅም ቱቦ ያለው መኪና መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።

መብራት። ቻርጀሩን እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ሰኩ፤ የማይሠራውን ጻፉ። የሶኬት ክዳን ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከኋላው የላላ ሽቦ አለ፤ ይህ የእሳት ምንጭ ነው፣ ሳይጠገን አትግቡ። ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ ሂዱና የዋናውን ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠውን ማብሪያ) ቁጥር አንብቡ። በ220 ቮልት መስመር 20 አምፔር ማለት 4400 ዋት ነው። ቦይለር 2000፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ 2000፣ የውኃ ማፍያ 2000 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 6000 ነው፤ ብሬከሩ ይወድቃል። ወይ ተራ ይዛችሁ ትጠቀማላችሁ፣ ወይ አከራዩ የመስመሩን አቅም ያሳድጋል። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ብሬከሩ ሳይወድቅ ሽቦው ይግላል። ሳጥኑ ውስጥ የመፈተኛ ቁልፍ ያለው የንዝረት መከላከያ ካለ በአከራዩ ፈቃድ ተጫኑት፤ ወዲያው መውደቅ አለበት።

ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የግል? በአንድ ግቢ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ከሆነ ክፍያው በሰው ብዛት ይሁን በቤት ይሁን በጽሑፍ ይስፈር። ከአከራይ ጋር የሚነሣ ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ይመነጫል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እርጥበት። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሌላው አሮጌ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ቅርጽ ካለ ጣሪያው ያፈሳል፤ በክቡ ውስጥ ክብ ካለ ከአንድ ጊዜ በላይ አፍስሷል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ እድፍ፣ ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨውና የሚረግፍ ቀለም ደግሞ ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው፤ በቀለም አይድንም። ቁም ሳጥን ካለ በሩን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ ከኋላውም በባትሪ አብሩ። ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ ይህ ብቻውን ቤቱን ለመተው ይበቃል።

ልኬት። 3 በ3 የሆነ መኝታ ክፍል በወሬ ትልቅ ነው። ሂሳቡን እዩት፦ 1.50 ስፋት ያለው አልጋ ግራና ቀኙ 60፣ 60 ሴንቲሜትር ሲተውለት 2.70 ይሆናል፤ ይገባል። በቁመት ግን አልጋው 2 ሜትር፣ ትይዩ ያለው ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 60 ሴንቲሜትር፤ በመካከል የሚቀረው 40 ብቻ ነው። የቁም ሳጥኑ በር 50 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው አይከፈትም። ወይ አልጋው ግድግዳ ይጠጋል፣ ወይ ተንሸራታች በር ያለው ቁም ሳጥን ይገዛል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የትልልቅ ዕቃችሁን ልክ ጽፋችሁ ያዙ፤ እዚያ ደግሞ ከውጭ በር እስከ ክፍሉ ያለውን ጠባብ ቦታ ለኩ። ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ነው።

ልጆች ካሉ፦ የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የሕፃን አካል ያልፋል። የጉድጓድ፣ የታንክና የሴፕቲክ ክዳን ሁሉ ሙሉና ልጅ ሊያነሣው የማይችል ይሁን። በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ጭስ ማውጫ ሳይኖረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተተከለ እንዲነሣ ጠይቁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

5. የሚያከራያችሁ ሰው ማን ነው?

የባለቤትነት ማረጋገጫውን አሳዩን በሉ፤ በላዩ ያለው ስምና የመታወቂያው ስም አንድ መሆን አለበት። ቤቱ የባልና ሚስት ወይም የወራሾች ከሆነ የሁሉም ፊርማ ወይም ውክልና ያስፈልጋል። ወኪል ከሆነ ውክልናው «ማከራየትና ኪራይ መቀበል» የሚለውን በግልጽ ይጥቀስ፤ ስለ ሌላ ጉዳይ የተሰጠ ውክልና ለዚህ አይሠራም። ተከራይቶ የሚያከራያችሁ ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ግድ ነው። የቅርብ ጊዜ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝም ጠይቁ፤ ስሙን ለማመሳከር ይጠቅማል፣ ያልተከፈለ ዕዳ ካለም ያሳያል። ቤቱ በባንክ ዋስትና የተያዘ እንደሆነም መጠየቅ አሳፋሪ አይደለም።

6. ውል

የቃል ስምምነት ሁሉም ደህና ሲሆን ብቻ ነው የሚሠራው። የአካባቢያችሁ ሕግ ስለ ኪራይ ጭማሪ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜና ስለ ምዝገባ የሚለውን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ከሕጉ የሚጋጭ አንቀጽ ብትፈርሙበትም ላይጸና ይችላል።

ቀብድ፣ ቅድሚያ ክፍያና ተመላሽ መያዣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ላይ «ቅድሚያ የተከፈለ» ተብለው ከተጻፉ ስትወጡ መያዣው ኪራይ ነበር ይባላል። ስለዚህ «ለ__ ወር ቅድሚያ ኪራይ» እና «በመውጫ ጊዜ የሚመለስ መያዣ» ተብለው በተለያየ መስመር ይጻፉ፤ መያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስና በምን ምክንያት ብቻ እንደሚቀነስም ይጨመር። ክፍያ በባንክ ይሁን፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የ__ ወር ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ።

ጥገና ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል አትቀበሉ። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ይሻላል፦

«የጣሪያ፣ የዋና ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የፓምፕና የቦይለር ብልሽት ጥገና የአከራይ ነው። ተከራይ ብልሽቱን በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ አከራይ በ7 ቀን፣ ውኃ ወይም መብራት የሚያቋርጥ ከሆነ በ2 ቀን ያስጠግናል። ካላስጠገነ ተከራይ አስጠግኖ ወጪውን በደረሰኝ ከቀጣዩ ኪራይ ይቀንሳል። አምፖል፣ የቧንቧ ጎማና በተከራይ አያያዝ የተሰበረ ነገር የተከራይ ነው።»

ቀሪው በአጭሩ፦ ጭማሪ በዓመት ከስንት በመቶ እንደማይበልጥ፣ ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም ወገን እኩል ወራት እንዲሆን፣ ከጊዜው በፊት ብትወጡ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ አከራይ ያለ ቀጠሮ እንደማይገባ፣ ቤቱ ቢሸጥ ውሉ ምን እንደሚሆን። የሚኖረውን ሰው ቁጥር፣ አብሯችሁ የሚኖር ዘመድና ሠራተኛ፣ መኪናና ውሻም ካለ ይጻፍ። «አምስት ነን» ብሎ ገብቶ ስምንት መሆን የውል ማፍረሻ ሰበብ ነው። ባልና ሚስት ሁለታችሁም በተከራይነት ብትፈርሙ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ከነልጆቹ ያለ ውል እንዳይቀር።

7. ርክክብ

ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱም ወገን ባለበት። ከውጭ በር ጀምራችሁ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ከዚያ ክፍል በክፍል ጻፉ። «ሳሎን፦ ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ ምንም አይጠቅምም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ሳሎን፦ ከበሩ በስተግራ ያለው መስኮት ታችኛው ጥግ 12 ሴንቲሜትር ስንጥቅ፤ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴራሚክ የተሰነጠቀ፤ 4 ሶኬት፣ ከቴሌቪዥን ቦታው ኋላ ያለው አይሠራም፤ ግድግዳ ላይ 6 የምስማር ቀዳዳ።» ቆጣሪዎቹ ቁጥራቸው ከቀን ጋር፣ ቁልፎቹም በቁጥር ይስፈሩ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሁለት ቅጂ።

የውጭ በሩን የቁልፍ ሲሊንደር በአከራዩ ፈቃድ ቀይሩ። የፊተኛው ተከራይ፣ ሠራተኛውና ደላላው ስንት ቅጂ እንዳስቀረጹ ማንም አያውቅም። አሮጌውን አስቀምጡት፤ ስትወጡ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን የውኃውን ዋና መዝጊያ፣ የመብራቱን ዋና ብሬከርና የጋዙን ቫልቭ ለቤቱ አዋቂዎች ሁሉ አሳዩ፤ ቧንቧ ሌሊት ሲፈነዳ መፈለግ አይቻልም። በፍተሻ ያልታየ ብልሽት በመጀመሪያው ሳምንት መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በ7 ቀን ውስጥ ከፎቶ ጋር በጽሑፍ መልእክት ለአከራዩ ላኩና ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዙት።

ስትወጡም በዚያው ሰነድ ነው የምትወጡት። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ የመጨረሻውን የመብራትና የውኃ ሂሳብ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ። አከራዩ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ የመያዣውን መጠንና የሚመለስበትን ቀን ጽፎ ይፈርም፤ ቁልፉን የምትሰጡት ከዚህ ፊርማ በኋላ ነው።